ሠላሳኛው ሰው

የአክሲዮን ገበያው የሚከፈተው ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ሰው ገና በአንድ ሰዓት ተነስቶ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ካለው ባለመስታወት ሕንፃ ፊት ለፊት ይቆምና መጋረጃ ይቆጥራል። ሕንፃው አራት መቶ መስኮት አለው፤ ከእያንዳንዱ መስኮት ጀርባ አንድ በሽተኛ ተኝቷል። መጋረጃው ከተከፈተ በሽተኛው በሰላም አድሯል ማለት ነው። ሳይከፈት ከረፈደ ቆጣሪዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና ስልካቸውን ያወጣሉ። በሁለት ሰዓት ተኩል ቁጥሩ ከተማውን ያዳርሳል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሕንፃው ባለቤት የግራዋ ባዮሜዲካል አክሲዮን በዚያው ቁጥር ይወጣል ወይም ይወርዳል።

ኩባንያው ነገሩን ሲደርስበት መስኮቶቹን በሙሉ ነጭ ቀለም አስቀባ። ሰዉ ደግሞ ወደ ጓሮው በር ዞሮ የሚገባውን ዳቦ መቁጠር ጀመረ።

ይህ የሆነው በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓ.ም. ነው፤ ክረምቴ በገባ በሁለተኛው ዓመት። በሽታው ሐኪሞች የሚጠሩበት ረጅም ስም ነበረው። ሰው ግን መጀመሪያ የታየው ሐምሌ ላይ ስለነበር ክረምቴ አለው። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ አየር ያሳጣል። አንዳንዱን በሳምንት ይጨርሰዋል፣ አንዳንዱን በወራት።

ረውዳ አራጋው በዚያ ዓመት አርባ ሰባት ሞልቷት ነበር። ሥራዋ ማጣሪያ መቀየር ነው። በየበሩ የተገጠመውን የትንፋሽ መለኪያ ሰው ሁሉ ሰላይ ይለዋል። የገዛ ቤት ለመግባትም ሆነ አውቶቡስ ለመሳፈር፣ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ መጀመሪያ ሰላዩ ላይ እፍ ማለት ግድ ነው። አረንጓዴ ከበራ በሩ ይከፈታል። ቢጫ ከበራ አይከፈትም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሽተኛ የሚወስድ መኪና ይመጣል። ረውዳ በቀን ስልሳ ሰላይ እየፈታች የቆሸሸውን ማጣሪያ አውጥታ አዲሱን ትከታለች። ሰዎች ከበር ጀርባ ሆነው «ረውዳ ነሽ?» ይሏታል። «ነኝ፤ እንዴት አደራችሁ?» ትላለች። የአብዛኛውን ሰው ፊት ካየች ዓመት አልፏታል፤ የሰፈሩን ሰው የምትለየው በድምፁና በሳሉ ነበር።

ከሥራዋ ሌላ የቦርከና ዳር እድር ጸሐፊ ናት። እድሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ አለው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት ሁሉም መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ የጠፋው ሥራ ነው። ክረምቴ ከገባ ወዲህ ሰው የሚቀብረው ማዘጋጃ ቤት ሆኗል። ግራጫ መኪና መጥቶ አስከሬኑን ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን የመቃብሩ ቁጥር በስልክ ይደርሳል። ለቅሶ መቀመጥም በአዋጅ ተከልክሏል። ሰው በየቀኑ እየሞተ የእድሩ ገንዘብ ሳይነካ ይጠራቀም ነበር።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጥላዬ ናቸው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው። ግንቦት ላይ አንድ እሑድ አባላቱን በስልክ ሰበሰቡ።

«ይህ የቀብር ገንዘብ ነው» አሉ። «ቀብር ደግሞ ከእጃችን ወጥቷል። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ግራዋ መድኃኒት እየሞከረ ነው። ዘርጊን ታውቋታላችሁ፣ ባለቤቴ ሆስፒታል ከተኛች ወር አለፋት። ሰው በምንቀብርበት ገንዘብ ሰው የሚያድን ነገር ብንገዛበት እኔ ነውር አይመስለኝም።»

ነውር ነው ያለ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አክሲዮን የማይገዛ የለም። ሰው የመጪውን ክረምት ዝናብ ይገዛል፣ ገና ያልታረሰ ጤፍ ይገዛል፣ ማንም ያልሄደበት መንገድ ይገዛል፤ አውቶቡስ እስኪመጣ ቆሞ ገዝቶ፣ ሲወርድ ይሸጣል። ረውዳ ድምፁን ቆጥራ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረች። ሁለት መቶ አምስት ቤት ደገፈ፣ ሁለት ተቃወመ፣ አምስት ቤት መልስ አልሰጠም። አምስቱም ቤት ታመው እንደነበር የታወቀው ቆይቶ ነው።

አንዋር የረውዳ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ሃያ ሁለት። ትዳር የሚባለውን ነገር እሱን ከማሳደግ ጋር እያመቻቸች ስታዘገየው በዚያው ቀረ። አንዋር አድጎ የአውቶቡስ ባትሪ ጠጋኝ ሆነ፣ ፈቲያን አገባ፣ ሰልዋ የምትባል ልጅ ወለደ። ቤታቸው ከረውዳ ቤት ጋር አንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ነበር።

አንድ ሰኞ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ እፍ አለ። ቢጫ በራ። ረውዳ የራሷን በር ከፍታ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«እትዬ፣ ማጣሪያው አርጅቶ ይሆናል» አላት።

ማጣሪያውን በዚያው ቀን ጠዋት የቀየረችው ራሷ ነበረች።

«አርጅቶ ይሆናል» አለችው።

ፈቲያ ከውስጥ ሰልዋን ታቅፋ በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ታየው ነበር። አንዋር ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ልጁን አጫወታት። መኪናው ሲመጣ ዘወር ብሎ ሳያይ ደረጃውን ወረደ።

ግራዋ በሽተኛ የሚቀበለው በዕጣ ነበር። ረውዳ በዚያው ምሽት አስመዘገበችው፤ ማክሰኞ ጠዋት አዲስ ዙር ሲጀመር ዕጣው ወጣለት። ከአራት መቶው በሽተኛ ግማሹ መድኃኒቱን ይወጋል፣ ግማሹ ጨውና ውሃ። ለማን ምን እንደደረሰ በሽተኛውም አያውቅም፣ የምትወጋው ነርስም አታውቅም። በአሥራ ሰባተኛው ቀን የመጀመሪያው ውጤት ይነገራል። ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላ ጨውና ውሃ የደረሳቸውም እውነተኛውን ይወጋሉ።

ወሬው እድሩ ዘንድ እንደደረሰ አንድ አባል «በቃ፣ እኛም የራሳችን ሰው ውስጥ ገባልን» አለ። እውነቱን ለመናገር ረውዳም አልከፋትም። ወንድሟ መድኃኒት አጠገብ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲድን ይመኝለታል። ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብላ ነበር።

ለአንድ በሽተኛ የሚፈቀደው አንድ ጠያቂ ብቻ ነው። ፈቲያ ትንሽ ልጅ ስላላት ቤት ቀረች፤ በስልክ ታወራዋለች። ረውዳ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ወደ ሕንፃው ትሄዳለች። በወፍራም መስታወት ማዶ አሥር ደቂቃ ይነጋገራሉ። ስትወጣ የእድሩ የስልክ መስመር ላይ የድምፅ መልእክት ትተዋለች። «አንዋር ዛሬ ሁለት ዳቦ በላ።» «አንዋር ዛሬ እንቁላል አማረኝ አለ።» ስለ ገዛ ወንድም ምግብ ማውራት የከለከለ ሕግ አልነበረም። ድምፁ ከእድሩ ወደ ሌላ እድር፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴና አዲስ አበባ ይሄዳል። እንቁላል አማረኝ ባለበት ቀን ግራዋ ከፍ ብሎ ዋለ።

በዘጠነኛው ቀን ረውዳ ስትገባ አንዋር ቆሞ ጠበቃት። ስልኳን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ሰልዋን አሳየችው። ትከሻውን እየነቀነቀ ጨፈረላት፤ ሰልዋ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው።

«መድኃኒቱ ነው የደረሰኝ እትዬ» አላት። «ሰውነቴ ይነግረኛል።»

በዚያን ቀን እድሩ የቀረውን ገንዘብ በሙሉ ግራዋ ላይ አዋለ። ድንኳኑና ወንበሩ ሳይቀር ተሸጦ ተጨመረበት። ብዙ አባላት ከየኪሳቸውም ገዙ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን አንዋር ተቀምጦ ነበር ያነጋገራት። ምን በላህ ስትለው ጥያቄውን አልፎ ስለ ሰልዋ ጠየቃት። ለእድሩ «ዛሬ ደከም ብሎታል» አለች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ዋጋው ወረደ፤ እስከ ቀትር አርባ ሰው ደወለላት። አንዳንዱ «አንዋር እንዴት ነው?» ይላል፤ አንዳንዱ ስሙንም ሳይጠራ «ልሽጥ?» ይላታል።

በማግስቱ እሑድ ጋሽ ጥላዬ በሯ ድረስ መጡ። ሰላዩ ላይ እፍ ብለው አረንጓዴ ሲበራም አልገቡም፤ በተከፈተው በር ላይ እንደቆሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሃያ ዘጠኝ ሰው ጥናቱን አቋርጦ ደሴ ሆስፒታል ገብቷል አሉ» አሏት። «ሠላሳ ከሞላ ጥናቱ ይሰረዛል ነው የሚባለው። መርፌውም ለሰው አይደርስም፣ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል።»

«ማን ነው ያለው ጋሼ?»

«ሰው ሁሉ ነው የሚለው። በየስልኩ ነው ያለው።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ዘርጊ ያንን መርፌ እየጠበቀች ነው ልጄ። ስለ ገንዘቡ አይደለም የመጣሁት… ስለ ገንዘቡም ነው፣ ምን አስዋሸኝ። ሰዉ ያለ የሌለውን አግብቶበታል። ወንድምሽ እንዲበረታ ንገሪው ልልሽ ነው።»

«ይበረታል» አለች ረውዳ።

ሰኞ አሥራ አራተኛው ቀን ነበር። አንዋር ትራስ ተደራርቦለት ጋደም ብሏል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሦስት አራት ቃል እየተናገረ ያርፋል።

«ሲስተር ማህደር… ደሴ አልጋ ተገኝቷል አለችኝ። የሳንባ ማሽን ያለው።» አየር ሳበ። «ዛሬውኑ ልላክህ ትላለች። ግን ከጥናቱ ትወጣለህ አለችኝ።»

«አንተ ምን አልካት?»

«እህቴን ልጠይቅ አልኳት።» ሊስቅ ሞከረና ሳሉ ያዘው። ሲያልፍለት ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ረውዳ ከመስታወቱ ወዲህ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በዚያች ቅጽበት ያሰበችውን ቆይታ ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክራለች። እትዬ ዘርጊን አስባለች። ሃያ ዘጠኙን ሰዎች አስባለች። እድሩ ፊት የምትቆምበትን ቀን አስባለች። መድኃኒቱ ደርሶት ከሆነ ትቶት መውጣቱ አደገኛ አይሆንም ወይ ብላም አስባለች፤ ይህኛውን ከልቧ ነበር ያሰበችው።

«እስከ ሐሙስ ብትቆይስ?» አለችው።

«ሐሙስ።»

«ሦስት ቀን ናት። ውጤቱ ሐሙስ ይወጣል። አንተ ከወጣህ ጥናቱ ይሰረዛል እየተባለ ነው አንዋር። ሠላሳኛው አንተ ነህ። ስንት ሰው ይህን መርፌ እየጠበቀ…»

አልጨረሰችውም። አንዋር ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብሎ አያት። ትንሽ ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት በር ላይ ትታው ስትሄድ እንደዚያ ነበር የሚያያት፤ ሳያለቅስ፣ ሳይከራከር።

«አንቺ ካልሽ እሺ» አላት።

ስትወጣ ለእድሩ የተለመደውን ድምፅ ተወች። «አንዋር በሰላም አድሯል። እየጠበቀ ነው።» ውሸት አልነበረበትም። ግራዋ ጠዋት መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ወርዶ ግን አልዋለም።

ማክሰኞ አንዋር አልተናገረም፤ እጁን ብቻ ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ከፍ አደረገላት። ረውዳ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ሲስተር ማህደርን ፈለገቻት። ሲስተር ማህደር ከሃያ አምስት የማትበልጥ፣ ዐይኗ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ልጅ ናት።

«የትናንቱ አልጋ አለ?» አለቻት ረውዳ።

«ማታ ሰው ያዘው። ሌላ እየጠየቅሁለት ነው።»

ረቡዕ ከቀትር በኋላ አልጋ ተገኘ። አምቡላንሱ አንዋርን ይዞ ወደ ደሴ ሲነሳ ረውዳ እንድትሳፈር አልተፈቀደላትም። ሮጣ አውቶቡስ ያዘች። መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ ከላይኛው መታጠፊያ ላይ አምቡላንሱ ከመንገድ ወጣ ብሎ ቆሞ አየችው። የጣራው መብራት ጠፍቷል። የኋላው በር ዝግ ነው። ከውጭ አንድ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ጓንቱን አውልቆ በሁለት እጁ ፊቱን ይዟል።

«አቁሙልኝ!» አለች ረውዳ ከመቀመጫዋ ተነስታ። «ወንድሜ ነው! አቁሙልኝ!»

አውቶቡሱ ሹፌር አልነበረውም። ከፌርማታ ውጭ አይቆምም። በሩን በመዳፏ መታችው፣ በክርኗ መታችው። አንዲት ሴት ተነስታ አብራት መታች፤ አንድ ሽማግሌ በሩ አጠገብ ያለውን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ። «ቀጣይ ፌርማታ ደሴ ፒያሳ» አለ የአውቶቡሱ ድምፅ። አምቡላንሱ በመስኮቱ በኩል ቀስ ብሎ አለፈ፤ አነሰ፤ ከመታጠፊያው ጀርባ ገባ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አርባ ደቂቃ ቆማ ጠበቀች። አምቡላንሱ የመጣው ሳይቸኩል ነበር።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ውጤቱ ተነገረ። መርፌው ይሠራል። መድኃኒቱ ከደረሳቸው ሁለት መቶ ሰዎች ውስጥ የሞቱት አራት ብቻ ናቸው። ግራዋ ስድስት እጥፍ ወጣ፤ አሁንም አልቆመም። በኮምቦልቻ መስኮቶች ሁሉ እልልታ ተነሳ። ረውዳ ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ከግድግዳው ማዶ የፈቲያ ለቅሶ ይሰማታል፤ ከላይና ከታች እልልታ። ከዚያ አንድ ሰው ለአንዱ ሳይነግረው አልቀረም። ሦስተኛው ፎቅ ዝም አለ። አምስተኛው ፎቅ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ሕንፃው በሙሉ ጸጥ አለ፤ እልልታው ከሌላ ሰፈር ብቻ ይሰማ ነበር።

የመቃብሩ ቁጥር ቅዳሜ ደረሰ።

ለቅሶ የከለከለው አዋጅ የተነሳው ከወር በኋላ ነው፤ መርፌው ለበሽተኞች መዳረስ ሲጀምር። በተነሳ በመጀመሪያው እሑድ የቦርከና ዳር እድር ወደ ረውዳ መጣ። ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም። ሰው ደረጃው ላይ ከአንደኛ ፎቅ እስከ አራተኛ ፎቅ በመደዳ ተቀመጠ። ብዙዎቹ አዲስ ልብስ ገዝተው ነበር፤ ለለቅሶ አይሆንም ብለው አሮጌውን ለብሰው መጥተዋል፣ ጫማቸው ግን ያስታውቃል። እትዬ ዘርጊ በእግራቸው ነበር የመጡት። በጋሽ ጥላዬ ክንድ ተደግፈው አራት ፎቅ ወጡና ረውዳ ጉልበት ላይ ወደቁ።

«ወንድምሽ ባይጸና ኖሮ እኔ ዛሬ አፈር ነበርኩ» አሏት። «እሱ ነው ያተረፈኝ። እሱ ነው ሁላችንንም ያተረፈን።»

ረውዳ አቅፋ አነሳቻቸው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ጎትታ ተሸፈነች። ሰዉ ኀዘኑ ነው ብሎ አለቀሰላት።

ከሳምንት በኋላ ከሕንፃው ተደወለ። የጥናቱ መዝገብ ተከፍቷል፤ የሟች ቤተሰብ መጥቶ የደረሰውን ማወቅ ይችላል፤ አለማወቅም ይችላል። ፈቲያ «እንሂድ» አለች። ሰልዋን ጎረቤት ትተው አብረው ሄዱ። በመንገድ ላይ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ።

ሲስተር ማህደር አስቀመጠቻቸው። ወረቀት አልያዘችም፤ በቃሏ አጥንታው ነበር የጠበቀቻቸው።

«ጨውና ውሃ ነበር የደረሰው» አለች። «በጣም አዝናለሁ።»

ፈቲያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ረውዳ ግን ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች፣

«ሠላሳኛው ሰው ቢወጣ ጥናቱ ይሰረዝ ነበር አይደል?» አለች። «ቢወጣ ኖሮ መርፌው አይኖርም ነበር። ለዚያ ነው የቆየው።»

ሲስተር ማህደር ግራ ገብቷት አየቻት።

«የምን ሠላሳ?»

«ሃያ ዘጠኝ ሰው ወጥቶ ነበር። ሠላሳ ከሞላ…»

«ሃምሳ አንድ ሰው ነው የወጣው» አለች ሲስተር ማህደር በቀስታ። «እንደዚህ ያለ ደንብ የለንም። ማንም መቼም መውጣት ይችል ነበር። ማን ነው እንደዚህ ያላችሁ?»

ረውዳ ወደ ፈቲያ ዞረች።

«ፈቲያ፣ ሰኞ ዕለት ልውጣ ብሎኝ ነበር። አልጋ ነበረለት። እስከ ሐሙስ ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ እሺ ብቻ ነው ያለኝ። ሲገድለኝ ከርሟል፣ አልነገርኩሽም።»

ፈቲያ ወለሉን እያየች ነበር። ስትናገር ድምፅዋ የሰው ድምፅ አልመስል አለ።

«አውቃለሁ እትዬ። አንቺ እንደወጣሽ ደውሎልኝ ነበር። ‹እትዬ ቆይ ብላኛለች፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?› አለኝ።»

ረውዳ ቀና ብላ አየቻት።

«የእናቴን ቤት ሸጬ ግራዋ ገዝቼ ነበር» አለች ፈቲያ። «በዘጠነኛው ቀን፣ ሲጨፍር ያየሁ ዕለት። ለእሱም አልነገርኩት፣ ለአንቺም። ሲደውልልኝ ዋጋው እየወረደ ነበር፤ ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ዋጋውን አያለሁ። ‹እህትህ ካለች ቆይ› አልኩት። ሂድ ብለው ይሄድ ነበር። ለአንቺ ያለውን እሺ እኔ እንዳፈርስለት ነበር የደወለው። ገብቶኝ ነበር፣ እትዬ። ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር።»

ረውዳ እጇን ዘረጋች። ፈቲያ የተዘረጋውን እጅ አልያዘችውም፤ አልገፋችውምም። የረውዳ እጅ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ቆየ።

ሲስተር ማህደር ተነስታ ወጣች፤ ስትመለስ ትንሽ የብረት ሳህን ይዛ ነበር። ሳህኑ ላይ አንድ መርፌ ተቀምጧል፤ የአንዋር ሙሉ ስም ተጽፎበታል።

«ውጤቱ እንደወጣ፣ ሃያ ስምንት ቀኑ ሳይጠበቅ በማግስቱ ዓርብ፣ ጨውና ውሃ ለደረሳቸው በሙሉ እውነተኛው ወጣ» አለች። «በእሱም ስም ወጥቶ ነበር፤ መውጣቱም መሞቱም ገና መዝገብ ላይ አልገባም ነበርና። መድኃኒቱ ጤነኛውንም ይከላከላል፤ ለጤነኛው የከተማ ሰው እስኪዳረስ ግን ገና ወራት ይፈጃል። የሟች ድርሻ ለቤተሰቡ ይሁን ተብሏል። ለአንድ ሰው ነው።»

ሁለቱም መርፌውን አዩት። ከጣት አይበልጥም፤ ውስጡ ያለው ነገር ቀለም የለውም። ውሃ ነው ቢባል ማንም ያምን ነበር።

«ለእሷ» አለች ረውዳ።

ፈቲያ ብዙ አላሰበችም። ወይም ሳህኑ ሲመጣ አስባ ጨርሳ ነበር።

«ለእኔ ይሁን» አለች። «ልጅ አለችኝ።»

የቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ሲስተር ማህደር ክንዷን በጥጥ ጠረገች፣ ስሙ ያለበትን ወረቀት ላጠች፣ መርፌውን አስገብታ ቀስ አድርጋ ገፋችው። ረውዳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዐይኗን አልነቀለችም። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«አለቀ እንዴ?» አለች ፈቲያ።

«አለቀ» አለች ሲስተር ማህደር።

ፈቲያ ጥጡን ክንዷ ላይ እንደያዘች አልተነሳችም። አንገቷን ደፍታ ባዶውን መርፌ እያየች፣ ልክ ሰው እንደሰደባት፣ «ይህችው ናት?» አለች። «ይህችው ብቻ ናት?»